መካሪውን ማን ይምከረው?



ባለፈው ወር ከቡሬ አንዲት አያት ደወሉልኝ። የልጃቸው ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ከመጣች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው፤ ሥራ አላገኘችም። መጀመሪያ ማስታወቂያ እያየች ትሯሯጥ ነበር፣ በኋላ ተስፋ ቆርጣ ቤት ዋለች። ሰሞኑን ግን ፊቷ ፈታ ብሏል። በስልኳ የምትከታተላቸውን ሰዎች አይታ «ላይፍ ኮች እሆናለሁ» ብላለች። ለሥልጠናው ገንዘብ ያስፈልጋታል። አያትየው ደግሞ እጃቸው ላይ ያለችው አንዲት ጊደር ናት። «ሲስተር፣ ይኼ ነገር ሙያ ነው ወይስ ወሬ? ጊደሯን ልሽጥላት ወይስ ልተወው?» አሉኝ።

በስልክ የመለስኩላቸው አጭር ነበር። ዛሬ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው፤ ጥያቄው የእሳቸው ብቻ አይደለምና። እዚህ ገበዝ ማርያምም፣ ፍኖተ ሰላምም፣ ቡሬም ከወላጆች ጋር ቡና በጠጣሁ ቁጥር ነገሩ ይነሳል። አንዱ ቤት ልጅ ኮች መሆን ይፈልጋል። ሌላው ቤት ልጅ ለኮች እየከፈለ ምክር ይቀበላል፤ ወላጅ ግን ልጁ የልቡን የሚነግረው ሰው ማን እንደሆነ አያውቅም። ለሁለቱም ቤት የምሰጠው መልስ አንድ ነው። ስለ ኮቹ የምስክር ወረቀት ወይም ስለ ተከታዮቹ ብዛት ከመጠየቃችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ እሱን ራሱን ማን ያየዋል? ሲሳሳት ማን ያርመዋል? ሲከብደው ለማን ይነግራል?

ኮች ማን ነው?

«ኮች» ማለት አሠልጣኝ ነው፤ ቃሉን ከእግር ኳስ እናውቀዋለን። አሠልጣኙ ሜዳ ገብቶ ጎል አያገባም። ከመስመሩ ውጪ ቆሞ ተጫዋቹ ያለውን ችሎታ እንዲያወጣ ይረዳዋል። ወደ ኑሮ የመጣውም ከስፖርት ነው። ቲሞቲ ጋልዌይ የተባለ አሜሪካዊ የቴኒስ አሠልጣኝ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ተጫዋቹን የሚያሰናክለው ከመረቡ ማዶ ያለው ተጋጣሚ ብቻ ሳይሆን በገዛ ራሱ ውስጥ ያለው ጥርጣሬም እንደሆነ ጻፈ። አሠልጣኝ ትእዛዝ ከሚያበዛ ተጫዋቹ ራሱ እንዲያስተውል ቢረዳው ይሻላል አለ። እንግሊዛዊው ጆን ዊትሞር ደግሞ ይህን ሐሳብ ወደ መሥሪያ ቤት አምጥቶ እ.ኤ.አ. በ1992 መጽሐፍ አሳተመ።

በዚህ መንገድ የሠለጠነ ኮች ብዙ አያወራም። ጥያቄዎቹ ባጭሩ አራት ናቸው፦ ምን ትፈልጊያለሽ? አሁን የት ነሽ? ምን ምን መንገድ አለሽ? የትኛውን፣ መቼ ትጀምሪያለሽ? ከዚያ ዝም ብሎ ያዳምጣል። በሳምንቱ ሲገናኙ «ያልሽውን አደረግሽ?» ይላል። አዳራሽ ሞልቶ «ትችላለህ! ተነስ!» የሚለው አነቃቂ ተናጋሪ ሌላ ነው። ድባቴን ወይም ሌላ የአእምሮ ሕመምን የሚያክመው ባለሙያም ሌላ ነው። ኮች ጤነኛ ሰው መንገዱን እንዲለይ የሚያግዝ እንጂ ሕመምተኛ የሚፈውስ አይደለም። ይህችን ድንበር የማያውቅ ኮች አደገኛ ነው።

አስቸጋሪው ነገር፣ በአብዛኛው ዓለም ኮች ለመባል እንደ ነርስ ወይም እንደ ሐኪም የመንግሥት የሙያ ፈቃድ አለመጠየቁ ነው። ዛሬ ጠዋት የተነሳ ሰው ከሰዓት በኋላ ኮች ነኝ ሊል ይችላል። ለዚህም ነው የሙያው ሰዎች ራሳቸው ተሰብስበው መለኪያ ያበጁት። ከሁሉም የሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የኮቺንግ ፌዴሬሽን ነው። የመጀመሪያውን ደረጃ የሚፈልግ ሰው ቢያንስ 60 ሰዓት መማርና 100 ሰዓት መሥራት አለበት። ለሁለተኛው ደረጃ 125 ሰዓት ትምህርትና 500 ሰዓት ሥራ ይጠየቃል። ለሦስተኛው ደግሞ 200 ሰዓት ትምህርትና 2,500 ሰዓት ሥራ።

እኔን የሳበኝ ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። አመልካቹ ከእሱ የበለጠ ልምድ ካለው ኮች ጋር 10 ሰዓት ተቀምጦ አሠራሩ እየታየለት መታረም አለበት። የምስክር ወረቀቱም የዘለዓለም አይደለም፤ በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል፣ ለማደስ 40 ሰዓት ተጨማሪ ትምህርት ይፈልጋል። አንድ ቅዳሜና እሁድ ሥልጠና ወስዶ ግድግዳው ላይ ወረቀት ከሰቀለው ሰው ጋር ያለውን ልዩነት እናንተው መዝኑት።

ሙያ እንደ እንጀራ ነው፣ ካልታደሰ ይሻግታል

ነርሶች ይህን በደንብ እናውቀዋለን። ሥራ ስጀምር በርበሬ ከሚለቀምበት ቆላ ለሚመጣ የወባ ሕመምተኛ የምንሰጠው ክሎሮኪን ነበር። በጊዜው ትክክል ነበር። ከዚያ ፋልሲፓረም የተባለው ክፉው ወባ መድኃኒቱን ለመደው። በ1990 ዓ.ም. ገደማ ወደ ፋንሲዳር ተዛወርን። እሱንም ለመደውና በ1996 ዓ.ም. ገደማ ኮአርተም መጣ። በእኔ የሥራ ዘመን ብቻ ለአንድ በሽታ ሦስት ጊዜ ተማርን ማለት ነው። ዲፕሎማዬን ይዤ በክሎሮኪን ብቀር ኖሮ፣ እናቶች አምነውኝ ያመጡልኝን ሕፃናት በእጄ አጠፋ ነበር። ዛሬ የጤና ባለሙያ የሙያ ፈቃዱን ሲያድስ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና የወሰደበትን ማስረጃ የሚጠየቀው ለዚህ ነው።

ምክርም እንደ መድኃኒት ጊዜ ያልፍበታል። ለእኔ ትውልድ «አርፈሽ ተማሪ፣ መንግሥት ይቀጥርሻል» ማለት ጥሩ ምክር ነበር። ዛሬ ዲግሪ ይዞ ቤት ለተቀመጠ ልጅ ይህን መድገም ቁስል መነካካት ነው። የሰው ሕይወት ላይ ቃል የሚጥል ሰው ቃሉን በየጊዜው መመርመር አለበት። ብቻውን ሊመረምረው ደግሞ አይችልም፤ የራስን ጀርባ ማየት አይቻልምና።

በ1990ዎቹ አጋማሽ የኤችአይቪ የምክርና ምርመራ አገልግሎት ላይ ተመድቤ ሠርቻለሁ። በአገራችን የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መስጠት የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ለአንዲት ጡት ለምታጠባ እናት ውጤቷን ከነገርናት በኋላ እጃችን ላይ የሚቀረው ቃል ብቻ ነበር። ሥልጠናው ለሕመምተኛው ምን እንደምንል አስተምሮናል። ማታ ወደ ቤታችን ይዘነው የምንገባውን ሸክም የት እንደምናራግፈው ግን አላስተማረንም።

እኔና ሁለት የሥራ ጓደኞቼ አርብ አርብ ከሰዓት ቡና አፍልተን እንቀመጥ ጀመር። ስም አይጠራም፣ ቀበሌ አይጠቀስም። አንዷ «ዛሬ እንዲህ ያለ ነገር ገጠመኝ፣ እንዲህ አልኩ» ትላለች። ሌሎቻችን «ለምን እንደዚያ አልሽ? ፈርተሽ ነው? አዝነሽ ነው?» ብለን እንጠይቃለን። አንዳንዴ እናለቅሳለን፣ አንዳንዴ እንስቃለን። ሰኞ ጠዋት ግን ቀጣዩን ሰው የምንቀበልበት ፊት ይኖረናል። ከእኛ ጋር የማይቀመጥ አንድ ባልደረባ ነበረን። ጎበዝ ነበር፣ በዕውቀት ከሁላችንም ይበልጥ ነበር። እያደር ግን ልቡ ደነደነና ውጤት እንደ ደረሰኝ ቆርጦ ይሰጥ ጀመር። በኋላም ሥራውን ለቀቀ። ክፉ ሰው ሆኖ አልነበረም፤ ብቻውን ሆኖ ነው።

የሐራሬ አያቶች

ይህ የእኛ ብቻ ታሪክ እንዳይመስላችሁ ወደ ዚምባብዌ ልውሰዳችሁ፤ በተለይ አያቶች ይህን ስሙልኝ። ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2005 አንዲት ወጣት ታካሚውን አጣ። ልጅቷ ራሷን አጠፋች። እናቷን ለምን ወደ እሱ እንዳላመጧት ሲጠይቃቸው፣ ለአውቶቡስ የሚከፍሉት 15 ዶላር አጥተው እንደነበር ነገሩት። ሐኪሙ ሆስፒታል ተቀምጦ ሕመምተኛ መጠበቅ እንደማያዋጣ ገባው። ግን በአገሩ ያሉት የአእምሮ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በማግስቱ ዓመት ምባሬ በተባለው የሐራሬ ሰፈር ያገኘው ረዳት 14 አያቶችን ነበር፤ በሰፈሩ የጤና ሥራ በበጎ ፈቃድ የሚያገለግሉ እናቶች።

አያቶቹን አሠለጠናቸው። በጤና ጣቢያው ግቢ ከዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር ተደረገ። የከፋው ሰው መጥቶ ከአንዲት አያት አጠገብ ይቀመጣል። በመጀመሪያ ሐኪሙ ወንበሩን «የአእምሮ ጤና ወንበር» ሊለው ነበር። አያቶቹ «እንዲህ ከተባለ ማንም አይቀመጥበትም» ብለው አረሙት፤ «የወዳጅነት ወንበር» ሆነ። ሕመሙንም በሐኪም ቋንቋ ድባቴ አላሉትም። በሾና ቋንቋ «ኩፉንጊሲሳ» ይሉታል፣ አብዝቶ ማሰብ ማለት ነው። እኛስ «ሐሳብ ገደለኝ» እንል የለ?

አያቶቹ የሚሠሩት ግን በልምድ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ 14 ጥያቄዎች ያሉት ቅጽ አላቸው። ከዚያ የሚመጣውን ሰው ችግሮቹን እንዲዘረዝር፣ አንዱን እንዲመርጥ፣ ለእሱ ራሱ መፍትሔ እንዲያስብ ያግዙታል። ያልኳችሁን የኮች ጥያቄዎች አስታወሳችሁ? ራሱን ሊያጠፋ የሚያስብ ሰው ሲመጣ ግን አያቲቱ ብቻዋን አትይዘውም፤ ከበላይ ወዳለ ባለሙያ ታስተላልፈዋለች። አያቶቹ እርስ በርሳቸው ይገናኛሉ፣ ያጋጠማቸውን ይነጋገራሉ፣ ክትትልና ድጋፍም አላቸው። ታካሚዎቹም ሲሻላቸው «እጅ ለእጅ እንያያዝ» እንደማለት ያለ ስም ያለው ማኅበር ውስጥ ይገባሉ፣ እዚያ ቦርሳ እየሠሩ ይጫወታሉ።

ውጤቱስ? እ.ኤ.አ. በ2016 በታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ 573 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ወጣ። ከስድስት ወር በኋላ በተለመደው አገልግሎት ከታዩት ሰዎች ግማሾቹ፣ ማለትም 50 በመቶው፣ የድባቴ ምልክት አልለቀቃቸውም ነበር። በወንበሩ ላይ ከተቀመጡት ግን ምልክቱ የቀረባቸው 14 በመቶ ናቸው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ይህን ያመጣው የአያቶቹ ደግነት ብቻ ቢሆን ኖሮ በየመንደሩ ድባቴ ባልኖረ ነበር። ደግ አያት የሌለበት መንደር የለም። ለውጡን ያመጣው ደግነቱ ሥልጠና፣ ሥርዓትና ጓደኛ ማግኘቱ ነው።

ሐኪሞችም ቢሆኑ ይህ ያስፈልጋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለንደን ውስጥ የሃንጋሪ ተወላጁ ሐኪም ሚካኤል ባሊንት ከባለቤቱ ከኢኒድ ጋር ሆኖ ጠቅላላ ሐኪሞችን በቡድን ማስቀመጥ ጀመረ። አንዱ ሐኪም ያስቸገረውን የአንድ ሕመምተኛ ነገር ይናገራል። ሌሎቹ ስለ መድኃኒቱ ሳይሆን በሐኪሙና በሕመምተኛው መካከል ስላለው ነገር ይወያያሉ። ለምን ሰለቸህ? ለምን ከሌሎቹ አብልጠህ አዘንክለት? ይህ አሠራር «የባሊንት ቡድን» ተብሎ እስከ ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል። የእኛ የአርብ ቡና ስም አልነበረውም እንጂ ዘመዱ ነበር።

ከእኛው ቤት

አገራችን ይህን ጥበብ ከውጭ አትለምነውም። ጎጃም ውስጥ ሽማግሌ ብቻውን ተቀምጦ ባልና ሚስት ሲያስታርቅ አይታችኋል? ሦስትም አምስትም ሆነው ነው የሚቀመጡት። አንዱ ቢያደላ ሌላው ያቃናዋል፤ አንዱ ቢቆጣ ሌላው ያበርደዋል። የንስሐ አባትም የራሱ የንስሐ አባት አለው፤ የሰውን ኃጢአት የሚሰማ ካህን የራሱን የሚነግረው ካህን ይፈልጋል። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲጀመርም ለአንድ ቀበሌ የተመደቡት ሁለት ሴት ልጆች ናቸው፣ አንድ አይደለም። 10ኛ ክፍል ጨርሰው አንድ ዓመት ሠልጥነው ገቡ። አንድ ጤና ጣቢያ አምስት ጤና ኬላዎችን በሥሩ ይዞ እንዲደግፋቸው ተደረገ። የማደሻ ሥልጠናም ተከተለ። በገጠር የእናቶችንና የሕፃናትን ሞት ለመቀነስ የረዱት እነዚህ ልጆች ከቤት ቤት እየዞሩ የኑሮ ዘዴ የመከሩ ናቸው። «ኮች» አልተባሉም እንጂ ሥራቸው ከዚያ የራቀ አልነበረም።

እንግዲህ የልጃችሁን ጉዳይ ለአንድ ኮች ከመስጠታችሁ በፊት፣ ወይም ልጃችሁ ኮች ልሁን ስትል፣ እነዚህን አምስት ነገሮች ጠይቁ።

አንደኛ፣ የት፣ ስንት ሰዓት ተማርክ? ለመጨረሻ ጊዜስ የተማርከው መቼ ነው? ጥሩ ባለሙያ ይህን ሲጠየቅ አይቆጣም።

ሁለተኛ፣ አንተ ሲቸግርህ የምታማክረው የሙያ ሰው ማን ነው? መልሱ «ማንም» ከሆነ፣ ወይም «እኔ አይቸግረኝም» ከሆነ፣ አመስግናችሁ ተነሱ።

ሦስተኛ፣ የማትቀበለው ሰው ምን ዓይነት ነው? ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍና ምግብ የራቀው፣ ደስ ይለው የነበረው ሁሉ ያስጠላው፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ ሰው የኮች ጉዳይ አይደለም። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይሂድ፣ ካስፈለገ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ይጻፍለት። «መኖር አልፈልግም» ያለ ሰው ደግሞ ለነገ አይባልም። ብቻውን አትተዉት፣ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ውሰዱት። «ሁሉንም አድናለሁ» የሚል ኮች ድንበሩን አያውቅም።

አራተኛ፣ ምስጢር እንዴት ትጠብቃለህ? የደንበኞቹን ታሪክ ስማቸውን ቀይሮም ቢሆን ለማስታወቂያ በስልክ የሚበትን ሰው ነገ የልጃችሁንም ይበትናል።

አምስተኛ፣ ዋጋው ስንት ነው፣ መቼስ ያበቃል? የጥሩ ኮች ግብ ደንበኛው ያለ እሱ እንዲራመድ ነው። ማብቂያ የሌለው፣ በየወሩ «ቀጣዩ ደረጃ» እያለ የሚያስከፍል፣ ሀብት በአጭር ጊዜ የሚቀጥር፣ «ቤተሰብህን አትስማ፣ እኔን ብቻ ስማ» የሚል ከሆነ ልጃችሁን ሰብሰብ አድርጉት።

ለቡሬዋ እናት

ለቡሬዋ እናት ያልኳቸው ይህን ነው። ጊደሯን አሁን አይሽጡ፤ ልጅቷንም «ወሬ ነው» ብለው አይስበሯት። ሐሳቧ ክፉ አይደለም። ሁለት ዓመት ከፍቶት የከረመ ሰው ሌላውን ላግዝ ሲል ብዙ ጊዜ ከልቡ ነው። በመጀመሪያ ግን የእሷን ጤና ይዩ። ትተኛለች? ትበላለች? ከጓደኞቿ ጋር ትገናኛለች? የራሱ ቁስል ያልጠገገ ሰው የሌላውን ሲነካ ሁለቱም ይደማሉ።

ደህና ከሆነች ገንዘብ የማይጠይቀውን ትምህርት ታስቀድም። በከተማዋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለውን የተማሪዎች አማካሪ ሄዳ ታናግር። ፈተና የወደቁ ልጆችን ሰብስቦ ማስጠናት፣ ሥራ የሚፈልጉትን ማመልከቻ ማጻፍ፣ ይህ ሁሉ የማዳመጥ ልምምድ ነው። ሥነ ልቦና በወጉ መማር ካሰኛት ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ክፍሉ አለ፤ መግቢያውን ትጠይቅ። ከሁሉ በላይ ደግሞ እንደ እሷ ሰው ማገዝ የሚፈልጉ ሁለት ሦስት ጓደኞች ትፈልግ። ስድስት ወር አብረው ከቆዩና ፍላጎቷ ካልበረደ፣ ያኔ ሥልጠናውን የሚሰጡትን ሰዎች አምስቱን ጥያቄዎች ጠይቃ ትምጣ። ቤተሰቡ ተቀምጦ ይምከር። ጊደሯም እስከዚያ ድረስ ላም ትሆን ይሆናል፤ ጥጃውን ሸጦ ላሚቱን ማስቀረት ሳይሻል አይቀርም።

እኛ ከተሞች ውስጥ ደግሞ ይህን ሥራ በተለያየ ስም የሚሠሩ ሰዎች አሉ። የትምህርት ቤት አማካሪዎች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ በጤና ጣቢያ ምክር የሚሰጡ ነርሶች፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መሪዎች፣ የዕድር ዳኞች። እያንዳንዳቸው በየቤታቸው የሰው ሸክም ተሸክመው ያድራሉ፤ ያለፉት ዓመታት ሸክም ደግሞ ቀላል አይደለም። በወር አንድ ቀን ተሰብስበው ቢቀመጡ አዳራሽም አበልም አይጠይቅም፤ ቡናና ቆሎ ይበቃል። ሥርዓቱ ግን ይጥበቅ። ከስምንት ሰው አይብለጡ። በአንድ ቀን አንድ ወይም ሁለት ጉዳይ ብቻ ይነሳ። የባለጉዳዩ ስም፣ ሰፈርና ዘመድ አይጠቀስ፤ ትንሽ ከተማ ናትና ፍንጭ የሚሰጥ ነገር ሁሉ ይዘለል። ተናጋሪው እስኪጨርስ ማንም አይመክር። ከዚያ እያንዳንዱ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፣ ምክር ካለም መጨረሻ ላይ ይምጣ። ከአቅም በላይ የሆነ ጉዳይ ወዴት እንደሚላክ ተነጋግረው ይለያዩ። የተነገረው ሁሉ እዚያው ይቅር። «አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም» የሚባለው ለሥራ ብቻ አይደለም፣ ለምክርም ነው።

ለእናንተ ለአያቶችና ለወላጆችም አንድ ነገር ልጨምር። ማንም ኮች ባይላችሁም ጎረቤት ተጣልታ ስትመጣ፣ የልጅ ልጅ አኩርፎ ጥግ ሲይዝ፣ ሙሽራ አማቷን ስታማ የሚፈልጉት እናንተን ነው። ሁሉን ሰምታችሁ፣ ሁሉን አስታርቃችሁ፣ ማታ ግን ደረታችሁን የሚወጋችሁና እንቅልፍ የሚነሳችሁ ሞልታችኋል። ጤና ጣቢያ እያለሁ ደም ግፊት ለካሁላቸው እናቶች «ምን አስጨነቀዎት?» ስል፣ የሚነግሩኝ ብዙ ጊዜ የራሳቸውን ሳይሆን የሌላ ሰው ጭንቀት ነበር።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሁለት ነገር እንድታደርጉ ልለምናችሁ። አንደኛው፣ የእናንተን የልብ የምትነግሩት፣ ምስጢር የሚጠብቅና ስትሳሳቱም «ይህችማ አላማረችም» የሚላችሁ አንድ ሰው ለዩ። ሁለተኛው፣ በአካባቢያችሁ ሰው የሚያማክር ወጣት ካለ፣ ኮች ይሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም መምህር፣ ቡና ጥሩትና ጠይቁት፦ «ልጄ፣ አንተ ሁሉን ትሰማለህ፤ አንተን ግን ማን ይሰማሃል?» ብዙዎቹ ይህን የጠየቃቸው ሰው የለም።

ቸር ሰንብቱ።